ከሌዘር ቀጠሮዬ በፊት አገጬን በክር አስነቀልኩ፤ ምን ይሻለኛል?

እህቶቼ፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። አገጬና አንገቴ ላይ ጥቁር፣ ወፍራም ፀጉር ይበቅላል። 6 ዓመት በክርና በወረንጦ ስነቅል ኖሬ አገጬን ጠባሳ ሞላው፣ ፀጉሩም ወደ ውስጥ ማደግ ጀመረ። አሁን አዲስ አበባ ሌዘር (ፀጉርን በብርሃን የሚቀንስ ሕክምና) ጀምሬአለሁ። ለአንድ ቀጠሮ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ስለሆነ አንዱም እንዲባክን አልፈልግም።

ባለሙያዋ «ከቀጠሮሽ አንድ ቀን በፊት በምላጭ ተላጪ፣ እንዳትነቅዪ» ብላኝ ነበር። ምክንያቱ ገብቶኛል፤ ብርሃኑ የሚይዘው ሥሩ ውስጥ ያለውን ጥቁር ቀለም ነው፣ ሥሩ ከተነቀለ የሚይዘው የለም። ከቆዳ በላይ የቀረ ፀጉር ደግሞ ፊት ያቃጥላል። አክስቴ ግን «ምላጭ የነካው ፊት የወንድ ፂም ያወጣል» ብላ አስፈራራችኝና ለሁለተኛው ቀጠሮ 12 ቀን ሲቀረው አገጬን በክር አስነቀልኩ። አንገቴን ተላጭቼው ነበር፤ ሲያድግ ጫፉ ሻከረኝ እንጂ አልወፈረም፣ አልበዛም። የምላጭ ፍርሃቴ ያኔ ለቀቀኝ፤ አገጬ ላይ ግን ረፍዷል።

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። አገጬ ላይ እስካሁን ብቅ ያለው ጥቂት ነው። እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ፦ ሄጄ አንገቴን ብቻ ልሠራ፣ ወይስ የአገጬ ፀጉር እስኪመለስ ሁሉንም 4 ሳምንት ላራዝመው?