ተጎታች ውስጥ ያስገባሁት ኢንተርኔት 6 ሰዓት ሲሆን ይጠፋል

ባለተጎታቿ (አዳማ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት አሮጌ ተጎታች ውስጥ እሠራለሁ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ኦንላይን ፎርም መሙላት። ተጎታቿን ከጨረታ ነው የገዛኋት። አንድ ጎማ ስለሌላት ብሎኬት ደግፈንላታል፤ የትም አትሄድም። የቆመችው አከራዬ ግቢ ጥግ ላይ ነው፤ መስኮቷ ወደ መንገድ ያያል።

አከራዬ (እትዬ ነው የምላቸው) ቤት ፋይበር ገብቷል። የወሩን ሂሳብ እንካፈላለን። ከሳሎናቸው ራውተር እስከ ተጎታቿ የኔትወርክ ገመድ ዘርግቼ፣ ጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ ራውተር ሰክቻለሁ።

ጠዋት 2 ሰዓት ስከፍት ምንም አይወጣለትም። 5 ተኩል ላይ መቆራረጥ ይጀምራል። 6 ሰዓት ሲሆን ጭራሽ ድርግም። 10 ሰዓት አካባቢ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። ደንበኛዬ ደግሞ የሚመጣው በምሳ ሰዓት ነው! ትናንት ከአንድ ልጅ ጋር ረጅም ፎርም ሞልተን ሞልተን፣ መላኪያው ላይ ስንደርስ ጠፋ። ፊቱን ብታዩት።

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት መቶ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ራውተር ቀይሬአለሁ። ለመስመሩ ባለቤቶች ደወልኩ፤ ባለሙያው በ3ኛው ቀን መጣ። የመጣው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት! «ይሠራል እኮ እህቴ» ብሎኝ ሄደ። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው። ሰፈሩ ደግሞ «በምሳ ሰዓት ሰው ስለሚበዛ ተጨናንቆ ነው» ይለኛል።

ሽቦና ፒንሳ፦

መስመር ሲጨናነቅ ይንቀራፈፋል እንጂ እንደ መሥሪያ ቤት ሰዓት ጠብቆ አይወጣም። መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዪ። ነገ 6 ሰዓት ላይ ሲጠፋ ስልክሽን ይዘሽ እትዬ ሳሎን ግቢና በእሳቸው ዋይፋይ ሞክሪ። የፋይበሩ ሳጥን ላይ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ መስመሩ ነው። እዚያ ከሠራ ግን ጥፋቱ ከሳሎን በኋላ ነው። ከዚያ ተጎታቿ ውስጥ ገመዱ የተሰካበትን ቀዳዳ መብራት እዪ። ገመዱ ስንት ሜትር ነው? መሐል ላይ ተቀጥሏል?

መንገደኛ፦

ምን አስለፋሽ፣ ባለ ሲም ራውተር ግዢና ተገላገይ።

ባለተጎታቿ፦

@መንገደኛ ሞክሬዋለሁ ወንድሜ። ተጎታቿ ዙሪያዋን ቆርቆሮ ናት፤ ውስጥ አንድ ሰረዝ ነው የሚታየኝ። ስልኬን በመስኮት ሳወጣው ይሞላል። ቀኑን ሙሉ እጄን አውጥቼ ልቁም?

@ሽቦና ፒንሳ እንዳልከኝ አደረግኩ። በ6 ሰዓት እትዬ ሳሎን ይሠራል! እኔ ጋ የቀዳዳው መብራት ጠፍቷል። ገመዱ 50 ሜትር ነበር፤ 8 ሜትር አጠረኝ። የሰፈር ልጅ ሌላ ቁራጭ አምጥቶ ሽቦዎቹን በቀለማቸው ጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለልኝ። የተቀጠለበት ቦታ የእትዬ ማድቤት ጣሪያ ላይ ነው።

ሽቦና ፒንሳ፦

አገኘነው። የአዳማ ፀሐይ በቀትር ቆርቆሮ ላይ! እዚያ እንጀራ ይጋገራል። የተጠመዘዘው ሽቦ ሲግል ይለጠጣል፣ ፕላስተሩ ሙጫው ይላላል፣ ሽቦና ሽቦ ይለያያሉ። ፀሐዩ ሲበርድ ተመልሰው ይነካካሉ። ያ ባለሙያ በ7 ሰዓት ቢመጣ ኖሮ ያየው ነበር።

አንድ ነገር አድርጊ። ከትርፍራፊው አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጊ። ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ የተቀባ። ገበያው በእሱ ተሞልቷል። አሉሚኒየም በሙቀት ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፤ አየር ሲነካው ደግሞ ላዩ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን ይሠራል። ለቅጥያ የሚሆን አይደለም።

መፍትሔው ያልተቀጠለ አንድ ወጥ የመዳብ ገመድ ነው። እስከ 100 ሜትር ችግር የለውም። ለውጭ የሚሆነውን ጥቁሩን ግዢ፤ የቤቱ ዓይነት ፀሐይ ላይ ልጡ ይሰነጣጠቃል። ጣሪያ ላይ አታስኪጂው፤ በአጥሩ ጥላ በኩል በፕላስቲክ ቱቦ ይሂድ። ከመብራት ገመድ ጋር አብረሽ አትሰሪው። ተጎታቿ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ አርግቢው፤ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ከሚገባ እዚያ ይንጠባጠባል። ጫፎቹ ላይ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት።

ሳልረሳው፣ ተጎታቿ ብረት ናት። መብራት ካስገባሽ የመሬት ሽቦ አላት? ከሌላት ኢንተርኔቱን ተዪውና መጀመሪያ እሱን አሠሪ።

ባለተጎታቿ፦

ፋቅኩት። ነጭ ነው! የሸጠልኝ ሰውዬ «ንጹህ መዳብ» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ሌላ ሱቅ 70 ሜትር ጥቁር ገዛሁ። እዚያው ሱቁ በር ላይ ፋቅኩት፤ ልጁ እየሳቀ አየኝ። ቀይ ነው። የመሬት ሽቦ የለኝም ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቅዳሜ መጥቶ ቀበረልኝ።

አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። አዲሱን ገመድ ከሰካሁ ጀምሮ እኔ ጋ የቀዳዳው መብራት በቀትርም በርቷል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ይባስ ብሎ የእትዬም ጠፋ። ስልካቸው ዋይፋዩን ይዟል፣ ምንም አይከፍትም። ከልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሊያወሩ ሲሉ ነው የጠፋባቸው፤ ተቀይመውኛል።

ሽቦና ፒንሳ፦

ገመዱን ስትመልሺ ራውተርሽ ላይ የቱ ቀዳዳ ውስጥ ሰካሽው? ተርታውን ከቆሙት አንዱ ውስጥ ከሆነ፣ ያንቺ ራውተር ለእትዬ ስልክ የኔትወርክ አድራሻ እያደለ ነው። «መውጫው በእኔ በኩል ነው» ይለዋል፤ በእሱ በኩል ግን መውጫ የለም። ለብቻው ወዳለው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ የተለየ፣ ዋን (WAN) የሚለው ቀዳዳ አዙሪው። የእሳቸው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ያንቺን 192.168.0.1 አድርጊው፤ ከተመሳሰሉ አይግባቡም። እንዲህ ሲሆን ከእሳቸው ቤት በኩል ያንቺን ኮምፒውተር በቀላሉ መድረስ አይቻልም። የሰው ፓስፖርት ቅጂ እየያዝሽ እንደምትሠሪ አትርሺ።

ባለተጎታቿ፦

ተርታው ውስጥ ነበር። አዞርኩት፤ ሁለታችንም ጋ መጣ። እትዬ ስልካቸውን አጥፍተው ሲያበሩት ልጃቸውን አገኙ፣ እኔም ቡና ተጠራሁ።

ይህን የምጽፈው ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ውጭው ያቃጥላል፣ ባጃጆቹ አቧራውን ያለብሱኛል፣ ሦስት ሰው ተሰልፏል። መብራቷ አረንጓዴ ናት። የድሮውን ገመድ ልጥለው ስል እትዬ ተቀበሉኝ፤ የልብስ ማስጫ አደረጉት።