በትንሽ አውሮፕላን ከጀርመን ወደ ቤርን፦ እናቴን ለክርስትና ይዤ ልሂድ?

ጥያቄ፦ አዲስ_አብራሪ

ሰላም ቤተሰብ። የግል አብራሪነት ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት አልፎኛል፤ ከጀርመን ግን ወጥቼ አላውቅም። የምበረው ፍራንክፈርት አጠገብ ካለች ትንሽ ሜዳ ነው። አውሮፕላኗ የክለባችን ሴስና 172ኤስ ናት።

ቤርን ያለችው እህቴ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሰማንያ ቀኗ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ላይ ይውላል። እናቴ ለዚሁ ብላ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ቪዛዋ የሸንገን ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ። እሷንና ባለቤቴን ይዤ ሐሙስ ወይም ዓርብ ሄጄ እሁድ ልመለስ አስቤያለሁ።

ስዊዘርላንድ ሸንገን ስለሆነች ፍተሻ የለም ብዬ ነው የማስበው። ልክ ነኝ? የበረራ ፕላን የግድ ነው? የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «እኔም ልምጣ፣ ወጪውን ሁሉ እችላለሁ» እያለ ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጋሽ_ታወር

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት።

ግማሹ ልክ ነው። ስዊዘርላንድ ሸንገን ውስጥ ስላለች የእናትህ ቪዛ ችግር የለበትም። ብቻ ፓስፖርቷን ቤት ትታ እንዳትመጣ፣ ድንገተኛ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። ጉምሩክ ግን ሌላ ነገር ነው። ስዊዞች የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ክልል ውስጥ የሉም። ስለዚህ የምታርፍበትም የምትነሳበትም ሜዳ የጉምሩክ አገልግሎት ያለው መሆን አለበት፤ ትንሽ ሜዳ ከሆነ አስቀድሞ ማሳወቅም አለ። የአንተ ሜዳ ይኖረው እንደሆነ መጀመሪያ እሱን አጣራ።

ስዊዝ በኩል ቤርን-ቤልፕ ወይም ግሬንሄን ይሆንሃል። ቤርን ለእህትህ ቅርብ ነው፣ ግን ሂሳቡ ከበድ ይላል። ግሬንሄን ትንሽ ራቅ ይላል፤ ባቡር አለው። እኔ ብሆን ግሬንሄን ነበር የማርፈው። ለማንኛውም ቀድመህ ደውል። አነስተኛ የስዊዝ ሜዳዎች ለጎረቤት ሰላም ሲሉ በምሳ ሰዓት መነሳትና ማረፍ ይገድባሉ። የእሁድ የጉምሩክ ሰዓትንም እዚያው ጠይቅ። ሰው የመሄጃውን አጣርቶ የመመለሻውን ይረሳል።

የበረራ ፕላን አዎ፣ የግድ ነው። ከመነሳትህ ቢያንስ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ስካይዴመን የሚባለውን የአብራሪዎች መተግበሪያ የምትጠቀም ከሆነ ከዚያው መላክ ትችላለህ። መቆጣጠሪያ ታወር የሌለበት ሜዳ ስታርፍ በራዲዮ ወይም በስልክ «አርፌያለሁ» ብሎ ፕላኑን መዝጋት የአንተ ሥራ ነው። ረስተህ ቡና ስትጠጣ፣ መድረሻ ሰዓትህ ካለፈ 30 ደቂቃ ሲሞላ ፍለጋህ ይጀመራል።

መልስ፦ የዙሪኳ

በፕላኑ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስቃችሁብኝ እለፉ። ሰዓቱ የሚሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በበጋ ሰዓት ጀርመንና ስዊዝ ሁለት ሰዓት ይቀድማሉ። እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለመነሳት አስቤ፣ ሦስቱን ወደ ዘጠኝ ቀየርኩና ዘጠኝ ብዬ ላክሁት። መላክ የነበረብኝ ሰባት ነው። ሞተር አስነስቼ ስጠራ «ፕላንሽ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል» ተባልኩ። አክስቴ ኋላ ወንበር ላይ ሆና «ምን አሉሽ?» ትለኛለች። በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ደግሞ ሰዓቱ ስለሚቀየር ልዩነቱ አንድ ብቻ ይሆናል። ለእህትህም ስትነግራት በሐበሻ ነው በፈረንጅ እንደሆነ ለይላት፤ የእኔዋ አየር ማረፊያው ደጃፍ ስድስት ሰዓት ቆማ ጠብቃኛለች።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። እናት ባዶ እጇን አትሄድም መቼም። ስዊዝ ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ሥጋና 1 ኪሎ ቅቤ ያለ ቀረጥ ታስገባለች፣ ከአውሮፓ ኅብረት አገር የመጣ ከሆነ። ዶሮ ወጡም ሥጋ ነው፣ እሱም ይቆጠራል። ቅቤው ከአዲስ አበባ የመጣ ከሆነ ግን እርሱት። ከኢትዮጵያ የሥጋና የወተት ውጤት ለግል ፍጆታም ቢሆን አይገባም፣ ጀርመንም ስዊዝም። እዚያው ጀርመን ገዝታችሁ አንጥሩት። በርበሬና ሽሮ በዚህ አይነካም።

ስጦታም አለ። ከ2025 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ዕቃ በነፍስ ወከፍ እስከ 150 ፍራንክ ብቻ ነው። ለሕፃኗ የወርቅ መስቀል ይዛችሁ ከሆነ ያልፈዋል። አስመዝግቡ፣ 8.1 በመቶ ትከፍላላችሁ፣ በቃ። ሳያስመዘግቡ መያዝ ነው ነገር የሚያመጣው።

መልስ፦ ሰማያዊ_ነዳጅ

ስለ አማችህ። ወጪ መጋራት ይፈቀዳል፣ ግን ሁሉንም እሱ ሊከፍልልህ አይችልም። ደንቡ የበረራውን ቀጥተኛ ወጪ በአውሮፕላኗ ያሉት ሁሉ ይጋሩ ነው የሚለው፣ አብራሪውን ጨምሮ። ነዳጅ፣ የማረፊያ ክፍያ፣ የአውሮፕላን ኪራይ። አንተ ምንም ካልከፈልክ ነገሩ የንግድ በረራ ይመስላል። ያኔ ፈቃድህም ኢንሹራንስህም ጥያቄ ውስጥ ይገባሉ።

ከገንዘቡ በላይ ግን ኪሎው ያሳስበኛል። 172ኤስ ስትነሳ ከ1,157 ኪሎ መብለጥ የለባትም። ባዶዋን 760 ገደማ ናት እንበል፤ የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ከሰነዷ እይ። 397 ይቀራል። ሦስታችሁ 215 ብትሆኑ 182 ተረፈ። ታንኩ ሲሞላ 200 ሊትር ያህል ነው፣ በ0.72 (የአንዱ ሊትር ክብደት በኪሎ) ስታባዛው 144 ኪሎ። ለሻንጣ 38 ኪሎ ቀረህ። ጥሩ ነው። አሁን 80 ኪሎ የሆነ አማች ጨምርበት። ሙሉ ታንክ አከተመ። ነዳጁን ወደ 90 ሊትር ብታወርደው 65 ኪሎ ነው፣ ለሻንጣ 37 ይቀራል። በሰዓት 35 ሊትር ያህል ስለምትበላ፣ ለሁለት ሰዓት 70 ይሄዳል። በቀን ብርሃን ግዴታ የሆነው የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ሲደመር ወደ 88 ደረሰ። ማለትም ደመና ቢያጋጥምህ ዞረህ ሌላ ቦታ ለመሄድ ሁለት ሊትር አለህ። በዚህ እኔ አልነሳም።

አማችህ በባቡር ይምጣ። ወጡንም እሱ ይያዝ፣ ባቡር ውስጥ አይደፋም።

መልስ፦ ለንደን_ላይ

እዚህ ወንድም ወይም እህት ካለህ «በዚያው ለንደንም ብቅ እንበል» ማለትህ አይቀርም፤ ስለዚህ ቀድሜ ልንገርህ። ያ ሌላ ጉዞ ነው። እንግሊዝ ሸንገን አይደለችም። እናትህ የእንግሊዝ ቪዛ ብታገኝ እንኳ፣ አንዴ ከሸንገን ከወጣች በዚያ ቪዛ አትመለስም። አብራሪው ስለ በረራው ለእንግሊዝ መንግሥት በኢንተርኔት ሪፖርት ያስገባል፣ ከመነሳቱ ከ48 ሰዓት ባልበለጠ፣ ከ2 ሰዓት ባላነሰ ጊዜ። ሞተሯ ቢጠፋ ተንሳፋ የብስ የማትደርስበት የባሕር ክፍል ላይ ደግሞ በአንድ ሞተር ስትበር የሕይወት ጃኬት ለሁሉም ያስፈልጋል። ቅቤማ ከአውሮፓም ቢሆን ከሚያዝያ 2025 ወዲህ አይገባም።

መልስ፦ ጋሽ_ታወር

አየሩን ማንም አላነሳውም፣ ልመለስበት። በጥቅምት የስዊዝ ሜዳማው ክፍል፣ በጁራና በአልፕስ ተራሮች መሃል ያለው፣ ዝቅ ባለ ወጥ ደመና ይሸፈናል። «ጥቁር ጫካ» የሚባለው የደቡብ ጀርመን ተራራማ ክፍል ላይ ፀሐይ ነው፣ ተራራው ሁሉ ይታይሃል። ቤርን ስትደርስ ከሥርህ ያለው ነጭ ጥጥ ነው፣ መውረጃ ቀዳዳ የለውም። አንዳንዴ ከሰዓት ይገለጣል፣ አንዳንዴ ቀናት ይቆያል። ትንበያውንም የአየር ማረፊያውን ካሜራም ጠዋት እይ። ነዳጅህ ራይን ሸለቆ ድረስ መልሶ የሚያደርስህ ይሁን።

ሰማንያ ቀን አይገፋም። ካህኑም አይጠብቁህም። ዓርብን ተውና ሐሙስን ያዝ፣ የአንድ ቀን ትርፍ ይኖርሃል። የባቡር ትኬትም ግዛ፣ ካልሄድክበት ገንዘቡ የሚመለሰውን። ከፍራንክፈርት ቤርን 4 ሰዓት ያህል ነው። ትኬቱ ኪስህ ውስጥ ካለ «አልበርም» ማለት አይከብድህም።

ለክለብህም ደውል። ኢንሹራንሱ ስዊዝን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቃቸው፣ የአውሮፕላኗ ሰነዶችም ዋናው ቅጂ ውስጧ ይኑር፦ ምዝገባው፣ የብቃት ማረጋገጫው፣ የድምፅ ሰርተፊኬቱ፣ የራዲዮ ፈቃዱ። በአብራሪነት ፈቃድህ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ደረጃህ አራት ከሆነ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ነው የሚታደሰው፣ ቀኑን እይ።

አዲስ_አብራሪ

እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼ እርስዎ። ደዋወልኩ። የእኛ ሜዳ ጉምሩክ የለውም። ክለቡ ኢንሹራንሱ ይሸፍናል ብሏል። አማቼ ትንሽ አኩርፎ ባቡሩን ተቀብሏል። ድስቱንም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነው። እናቴ ስለ ደመናውም ስለ ቪዛውም ምንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው «ሽንት ቤት አለው?» ብላ ነው። ሁለት ሰዓት ትችል ይሆን?

መልስ፦ የዙሪኳ

የለውም፣ እናትህም ሁለት ሰዓት አትቀመጥም። ካርልስሩኸ/ባደን-ባደን እረፍ። ከእናንተ 45 ደቂቃ ቢሆን ነው። እስከዚያ የአገር ውስጥ በረራ ስለሆነ የበረራ ፕላን አያስፈልግህም። ጉምሩክ ስላለ መውጫውን እዚያ ትጨርሳለህ። ነዳጅም ትሞላለህ፣ የቤርንንም ካሜራ ሻይ እየጠጣህ ታየዋለህ። ከዚያ ወደ ቤርን የቀረህ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ፕላኑን ከዚያ እንደምትነሳ አድርገህ ላከው፤ ሰዓቱን ደግሞ ሁለቴ ቁጠር።