«ለቸገረው ተዉለት» ተባልን! የጅማ ሰልባጅ የማን ነው?

የሒርማታዋ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የተጻፈውን አይታችኋል? «ተማሪዎች ሐሙስ ገበያ በጠዋት እየገቡ ቆንጆ ቆንጆውን ሰልባጅ ይለቅማሉ። ቴሌግራም ላይ በእጥፍ ይሸጡታል። ሰልባጅ ለቸገረው ነው፤ ለቸገረው ተዉለት» ይላል። በጣም ነው የተናደድኩት። እኔ የምሸጠው ይህንኑ ነው። ቦንዳ፣ ማለት የታሰረው የሰልባጅ ጥቅል፣ ሲፈታ ቆሜ እመርጣለሁ። አጥባለሁ፣ አስጠብባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ይህ ሥራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ቦሳ ቂጦ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም እደግመዋለሁ። እናቴ እኛን ያለበሰችን ከሰልባጅ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ጃኬት ለልጅ ቅንጦት አይደለም። ዛሬ ደህናው ጃኬት ከቦንዳው እንደወጣ እናንተ እጅ ይገባል። እንደ እናቴ ላለ ሰው የሚደርሰው ዚፑ የተነቀለው ነው።

የሒርማታዋ፦
እኔ የልጅ ጃኬት አልነካም። የማነሳው ትከሻው ሰፊ የሆነ የድሮ ኮት፣ ገበሩ ያልተቀደደ ሱፍ፣ ወፍራም ጂንስ ነው። ይህን ድሮ ማንም አይፈልገውም ነበር። ክምሩ ሥር ነበር የሚቀረው።

ቦሳ ቂጦ፦
ማንም አይፈልገውም? ገጠር ሂጂና ወፍራም ጂንስ የማይፈልግ ገበሬ አሳዪኝ። በቡና ለቀማ ጊዜ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው።

አዌቱ ማዶ፦
ቆይ፣ እኔ «ለቸገረው» የምትለዋ ላይ ነኝ። የቸገረው ማን ነው? እኔ ተማሪ ነኝ። ከቤት የሚላክልኝ ወር አያደርሰኝም። መሸጥ የጀመርኩት ቸግሮኝ ነው። እኔን ከየትኛው ወገን ልትመድበኝ ነው?

ቦሳ ቂጦ፦
ስማርት ስልክ ይዘህ ቸገረኝ አትበል።

አዌቱ ማዶ፦
አንተስ በምን እየጻፍክ ነው?

ልብስ ሰፊው፦
ልጆች፣ ተረጋጉ። እኔ ለሁለታችሁም እሰፋለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ተታሎ ይመጣል። ኮት ስትገዙ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ወገብ ማጥበብ ቀላል ነው። እጅጌ ማሳጠርም ቀላል ነው። ትከሻ ግን እጅጌው ተነቅሎ ነው የሚሠራው፤ የልብሱን ዋጋ ይበላል። ሱፍ ነው ካሏችሁ ደግሞ ከስፌቱ ውስጥ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ሱፍ እንደሚቃጠል ፀጉር ይሸታል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል።

የሒርማታዋ፦
እግዜር ይስጥህ ጋሼ። አያችሁ፣ ይህ ሁሉ እውቀት ነው። ጂንሱም እንደዚያው ነው። የሌቪስ ኋላ ኪስ ላይ ያለችው ቀይ ጨርቅ ላይ ስሙ ሁሉም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ፣ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ 1971 አካባቢ ከመቀየሩ በፊት የተሠራ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ዋጋ ቢጨምር ምኑ ነው ነውሩ?

ቦሳ ቂጦ፦
እውቀትሽን አልነካሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አንቺ ዋጋ ስትጨምሪ ነጋዴዋ ታያለች። በሚቀጥለው ሐሙስ እሷም ትጨምራለች። ማን ነው የሚከፍለው?

እመ ጊንጆ፦
ነጋዴዋ እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ። ቦንዳ ታስሮ ነው የምገዛው። ውስጡን አላይም። ስፈታው ግማሹ የማይሸጥ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ልጆች ደህናውን በደህና ዋጋ ሲወስዱልኝ ነው የቀረውን በርካሽ የማወርደው። እነሱ ባይኖሩ ሁሉም ላይ እጨምር ነበር። ወላሂ እውነቴን ነው።

ቦሳ ቂጦ፦
እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የሚያወርዱት እኮ ቅዳጁን ነው።

እመ ጊንጆ፦
ቅዳጅ አልሸጥም ልጄ። ስሜን አታጥፋ።

አዌቱ ማዶ፦
ይቅርታ ጠይቃት!

ቦሳ ቂጦ፦
እሳቸውን ለመስደብ አይደለም። እትዬ ይቅር ይበሉኝ። ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

የጅሬኑ፦
ሁላችሁም ዋናውን ዘልላችሁታል። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው። ቦንዳው የሚገባው በኮንትሮባንድ ነው። እዚሁ ጅማ በ2011 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የእኛ ልጆች ልብስ እየሰፉ እኛ የፈረንጅ ውራጅ እንሻማለን። ሩዋንዳን እዩ። በፈረንጆቹ 2016 የሰልባጅ ቀረጡን በኪሎ ከ0.20 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር አሳደገችው። አሜሪካ በ2018 የአጎዋን ዕድል፣ ማለት ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የማስገባቱን፣ ስታግድባትም አልታጠፈችም።

አዌቱ ማዶ፦
እኛም ከአጎዋ ወጥተናል፤ ከ2022 ጀምሮ። ሰልባጁ ቀረ? ደግሞ ፓርኩ ለውጭ ገበያ ተብሎ ነው የተሠራው። እዚያ የተሰፋውን ጃኬት ሐሙስ ገበያ አይተኸው ታውቃለህ? እናቶች ለልጆቻቸው ምን ያልብሱ?

የጅሬኑ፦
ለአገር ውስጥ ገበያ እንዲሸጥ መጠየቅ እኮ ይቻላል። እናንተ ግን ሙዳችሁ የፈረንጅ ኮት ነው።

የሒርማታዋ፦
የፈረንጅ ኮት ከሐበሻ ቀሚስ ጋር ለብሼ ሠርግ ሄጃለሁ። ነጠላውን ከላይ ጣል አድርጌ፣ ኮቱን ክፍት ትቼ። በጣም ነው ያማረው። የሽማኔውን ሥራ አልጣልኩም። ኮቱ ላይ ያሉትን ቁልፎች እንኳን እዚሁ ከተማ ገዝቼ ነው የቀየርኳቸው።

ልብስ ሰፊው፦
እውነቷን ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁላት። ሰልባጅ ቢቆም ግማሽ ሥራዬ ይቆማል። ይህንንም አስቡበት።

የጅሬኑ፦
ጋሼ፣ አዲስ ቢሰፉ አይሻልም?

ልብስ ሰፊው፦
ጨርቁን በምን ዋጋ ገዝቼ? ደንበኛዬ የአዲስ ሱሪ ጨርቅ ዋጋ ሲሰማ ዞሮ ይሄዳል። አሮጌ ሱሪ ይዞ ሲመጣ ግን ይከፍለኛል።

ቦሳ ቂጦ፦
እኔ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ማን ነው የሚከፍለው?

የሒርማታዋ፦
እኔም ወደ አንተ ቃል ልመለስ። «ለቸገረው ተዉለት» ስትል የቸገረው ሰው የተረፈውን ብቻ ይልበስ ማለትህ ነው? ከእኔ የሚገዙት አብዛኞቹ ደመወዝ ያልደረሰላቸው ልጆች ናቸው። ችግረኛ መዘነጥ አያምረውም?

ቦሳ ቂጦ፦
ያምረዋል። በአንቺ ዋጋ ግን አይችልም። ያልኩት ይኸው ነው።

የሒርማታዋ፦
በዱቤ የወሰዱ አሉ። የመጀመሪያ የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለበትን ልጅ ሱፍ በገዛሁበት ሰጥቼዋለሁ።

ቦሳ ቂጦ፦
ለአንድ ልጅ። የቀሩትስ?

አዌቱ ማዶ፦
አንተ ለስንቱ አለበስክ?

እመ ጊንጆ፦
ልጆች፣ ሐሙስ አዲስ ቦንዳ እፈታለሁ። ሁለታችሁም በጠዋት ኑ። እናትህንም ይዘሃት ና፤ ቀድማ ትምረጥ።

ቦሳ ቂጦ፦
እመጣለሁ እትዬ። ግን የእኔ እናት ብቻ ቀድማ ብትመርጥ ነገሩ አይፈታም።

የጅሬኑ፦
ኮንትሮባንዱን ማንም አልመለሰልኝም።