የሐይቅ ዳር መጽሐፍ፦ በረቂቅ ዕቅዱ ላይ የአባላት ውይይት

የማህበሩ ጸሐፊ፦

ሰላም ወገኖች። የጋራ የፎቶ መጽሐፍ እናሳትም ብለን በስብሰባው ላይ ተስማምተናል። ለከተማው አስተዳደርና ለሌሎች ደጋፊዎች የምናቀርበውን ጽሑፍ እዚሁ እናብስለው። የመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ነው።

«ማህበራችን የሐዋሳን ውበት የሚያስተዋውቅ ባለ 120 ገጽ የፎቶ መጽሐፍ ያዘጋጃል። እያንዳንዱ አባል ምርጥ የሚላቸውን 5 ፎቶዎች ይሰጣል። መጽሐፉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይቀርባል። ለስፖንሰሮች የማስታወቂያ ገጾች ይኖሩታል።»

ያልተዋጠላችሁ ነገር ካለ አሁን በግልጽ ተናገሩ። አንዴ ከገባ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ሐይቅ ዳር የምትሠራ ፎቶ አንሺ፦

እኔ ልጀምር። «ውበት የሚያስተዋውቅ» የሚለው ይውጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ ሐይቅ፣ ከታቦር ተራራ ላይ የታየ ከተማ፣ ክንፉን የዘረጋ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ። እነዚህ ፎቶዎች ሁላችንም ጋ አሉ። ፖስትካርድ ላይም ሆቴል ግድግዳ ላይም ሞልተዋል። ለእነሱ ብሎ ገንዘቡን አውጥቶ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው።

መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ይያዝ። በዚህ ሐይቅ የሚኖረው ማን ነው? ጠዋት ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ስትሄዱ ምን ታያላችሁ? ጀልባው ገና ሳይቆም መረብ የሚስቡ ልጆች አሉ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቅጽበት ገፈው ሥጋውን የሚለዩ እጆች አሉ። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበላ ደንበኛ አለ። ከኋላ አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደ ጥቁር ውሃ ሂዱ። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ እሱ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ታጥቦ የገባ አፈርና ቆሻሻ በወንዝ አይሄድም፤ እዚያው ይከማቻል። ይሄ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ አባል 5 ፎቶ የሚለውን አልቀበልም። እንደዚያ ካደረግን የአባላት ካታሎግ ነው የሚወጣን። አንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ካልተያያዘ ሰው ለምን ገጽ ይገልጣል? መራጭ ቡድን ይቋቋምና ሥልጣን ይሰጠው።

የሠርግ ፎቶ አንሺ፦

እህቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል። መዋጮ ግን የምንከፍለው እኩል ነው። ከአንዱ 30 ፎቶ ገብቶ ከሌላው ምንም ካልገባ ቅሬታ ይመጣል፤ ማህበሩም አይጸናም። እኔ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ነኝ። በሳምንቱ መሐል አልበም አዘጋጃለሁ። ጎህ ሲቀድ አሞራ ገደል መገኘት የማይችል ብዙ አባል አለን። እነሱስ?

ደግሞ የከተማው ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ሐይቅ ዳር ነው። የሠርግ ፎቶ እንደ ቁም ነገር አይታይም እንጂ የዘመኑን ልብስ፣ መኪናና ወግ ከእሱ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሐይቅ ዳር የምትሠራ ፎቶ አንሺ፦

እሱማ መግባት አለበት! ቬሎዋን ሰብስባ ድንጋዩ ላይ የምትራመድ ሙሽራ እና እዚያው አጠገብ መረብ የሚጠግን ሰው በአንድ ገጽ ቢገናኙ ከዚያ የተሻለ መክፈቻ አላውቅም። በተለይ ለደንበኛ ያላስረከብካቸውን፣ ከኋላ ሌላ ሰው ገባ ብለህ የተውካቸውን አምጣ።

ስለ መዋጮው ግን እውነትህን ነው። መዋጮው እንደ ብድር ይቆጠር። መጽሐፉ ሲሸጥ አስቀድሞ ለከፋዮቹ ይመለስ። የፎቶ መረጣው ከገንዘቡ ጋር አይያያዝ።

የድሮ ስቱዲዮ ባለቤት፦

ልጆቼ፣ ሳነባችሁ ነበር። የምታወሩት ስለ ዛሬው ሐይቅ ብቻ ነው። እኔ ጋ በሣጥን በሣጥን የተቀመጠ ነጋቲቭ አለ። ጉርድ ፎቶ፣ የምረቃ፣ የክርስትና፣ ሩቅ አገር ላለ ዘመድ የሚላክ። እውነተኛው ሐይቅ ቅርብ ሆኖ ሳለ ሰው ሸራ ላይ በተሳለ ሐይቅ ፊት ቆሞ መነሳት ይወድ ነበር። አሁን አንዳንዱ ሣጥን ሲከፈት ኮምጣጤ ይሸታል። እኔ ስደክም የሚረከበኝ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። ለምታስቡት ነገር ይጠቅማል?

ታሪክ የሚያስተምር አባል፦

ጋሼ፣ እንዴት አይጠቅምም! ስለ ኢትዮጵያ የጥንት ፎቶዎች ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራርድ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። እሱ የሚሸፍነው እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 የተነሱትን ነው። ሐዋሳ ደግሞ የተቆረቆረችው በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ እዚያ ብንፈልጋት አናገኛትም። የዚህች ከተማ ልጅነት ያለው እርስዎ ሣጥን ውስጥና በየቤቱ አልበም ነው። ሌላ ቦታ አለ ብዬ አላምንም።

አዲስ አበባ ላይ መንገዱ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ከቤተሰብ አልበም የተሰበሰቡ ፎቶዎችን ከባለቤቶቹ ትረካ ጋር ነው ያቀረበው። ሰው መጽሐፉ ውስጥ የእናቱን የፀጉር አሠራር አየ፤ የአባቱን ሱሪ አየ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስትም ፎቶ ለማየት የሚሰበሰብ ሕዝብ እንዳለን አሳይቷል። ግን ኤግዚቢሽን ሲያልቅ ከግድግዳ ይወርዳል። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እኔ ይህን ዕቅድ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የኮምጣጤው ሽታ ግን አስቸኳይ ነው። ፊልሙ መፈራረስ ጀምሯል ማለት ነው። የሚወጣው ትነት ጤነኛውንም ያበላሻል። ጋሼ፣ እባክዎ የሚሸቱትን ለብቻ ያድርጉልን። ከፕላስቲክ አውጥተን በወረቀት ፖስታ እናስቀምጣቸው፤ ሙቀት ከሌለበት ክፍል ይሁኑ። መጽሐፉ ቢዘገይ እንኳ ስካኑ አይዘግይ። 35 ሚሊሜትር ነጋቲቭ በ3000 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 3000 ነጥብ) ስካን ሲደረግ 12 ሜጋፒክሰል ገደማ ይሰጣል። ለአንድ ሙሉ ገጽ ይበቃል።

ሕግ ያጠና አባል፦

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጋሼ ጋ ያለው ነጋቲቭ የስቱዲዮው ሥራ ነው። ፊቱ ግን የተነሳው ሰው ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 የተለዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፦ ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ሲያያዝ። የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጫምባላላን በዓል፣ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በጉዱማሌ ማንሳትና ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ የአንዲት ልጅ ጉርድ ፎቶ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ የፍለጋ ሥራ ይግባ። ፎቶዎቹን በጋሼ ስቱዲዮ ውስጥ እንዘርጋ። የጥንት ነዋሪዎችን እንጥራ። የሚያውቅ ስም ይንገረን፤ የተነሳው ሰው በሕይወት ካለ ራሱን፣ ካለፈ ቤተሰቡን እንጠይቅ። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። አይሆንም ያለ ሰው ፎቶ አይገባም፤ ክርክር የለም። የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎችም ስም አላቸው። «አንድ ዓሣ አስጋሪ» ብሎ መጻፍ ይብቃን።

የእኛን መብት በተመለከተ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል። ማህበሩ ፎቶዎቹን የሚወስደው ለዚህ አንድ ህትመት ብቻ ይሁን። ባለቤትነቱ ከፎቶ አንሺው አይነሳ። ድጋሚ ህትመት ከመጣ ድጋሚ ስምምነት።

ዲዛይነር፦

የሙያዬን ልናገር። 120 ገጽ አይሆንም። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ በአንዴ 16 ገጽ ያወጣል። ስለዚህ 112 ወይም 128 በሉት። እኔ 128 እላለሁ። የጋሼ ፎቶዎች ቦታ ይፈልጋሉ።

ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ አትላኩልኝ። ተጨምቆ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክሰል ላይ ይቀራል፤ ያ ደግሞ በ300 ዲፒአይ ሲታተም 11 ሳንቲሜትር አይሞላም። ለኤፎር ገጽ 2480 በ3508 ፒክሰል ያስፈልገኛል። በፋይል መልክ ላኩ፤ ፍላሽ ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ ይሻላል።

ጥራዙ በክር የተሰፋ ይሁን። ይሄን አጥብቄ እለምናለሁ። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ በደንብ አይከፈትም፤ በሁለት ገጽ የተዘረጋ ፎቶ መሐሉ ይዋጣል። በኃይል ሲከፈት ደግሞ ገጹ ይነቀላል። ወረቀቱ 150 ግራም ማት አርት ፔፐር ቢሆን ጥሩ ነው። የሚያብለጨልጨው አምፖል ሥር አያስነብብም።

ስልካችን ላይ የምናየው የሐይቁ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ይላል። ስክሪን ብርሃን ነው፤ ህትመት ቀለም ነው። ጥቁርና ነጩም በአራቱ ቀለማት ሲታተም ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ወረቀት ላይ የሙከራ ህትመት ሳናይ ፊርማ አይኖርም። ይህ በውሉ ይጻፍ። በሌላ ሥራዬ ማተሚያ ቤቱ ቸኩሎ ያለ ሙከራ አትሞ የሰዎቹ ፊት ሁሉ ቀልቶ ወጣ። ማንም አልካሰንም።

ገንዘብ ያዥ፦

ሒሳቡን በተመለከተ አንድ ነገር እወቁ። የማተሚያ ፕሌትና የዝግጅት ወጪ 200 ብናሳትምም 1000 ብናሳትምም ያው ነው። በጥቂቱ ስናሳትም የአንዱ ዋጋ ይሰቀላል። በብዙ ስናሳትም ደግሞ ያልተሸጠው መጋዘን ይሞላል። እኔ 500 እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቅድመ ሽያጭ እናድርግ። ገዢው ቀብድ ይከፍላል፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ስሙ ይመዘገባል። ውጭ አገር ያሉ የሐዋሳ ልጆች ጥሩ ገዢ ይሆናሉ ብዬ አስባለሁ። ፎቶው ውስጥ ዘመዶቻቸው አሉና።

የማስታወቂያ ገጽ የሚለው ግን አልተመቸኝም። ገንዘብ ያዥ ሆኜ ይህን መናገሬ ይገርማችሁ ይሆናል። በፎቶዎቹ መሐል የሆቴል ማስታወቂያ ከገባ መጽሐፉ ብሮሹር ይሆናል። ለደጋፊዎች መጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸውን ጽፈን እናመስግን። መቶ ቅጂ አስቀድሞ የሚገዛ ሆቴል ካለ ከማስታወቂያው የበለጠ ጠቀመን፤ ለእንግዶቹ ይሰጠዋል።

ሲዳምኛ ተናጋሪ አባል፦

የቋንቋው ነገር ሳይነሳ አይለፍ። ረቂቁ አማርኛና እንግሊዝኛ ይላል። ሐይቁ ዳር ያሉት ዓሣ ሻጮች፣ ከገጠር የሚመጡት እናቶች፣ ጉዱማሌ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ሲዳምኛ ነው የሚናገሩት። በፎቶው ላይ ያለ ሰው ስለራሱ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለ ልክ አይደለም። ሲዳምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይሁኑ። እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ በአንድ ላይ ይታተም። ቦታም ይቆጥባል።

ፍቼ ጫምባላላን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ካሜራ በዝቷል። ብዙው ፎቶ ጭፈራ ብቻ ነው። ቀኑን ከዋክብት አይተው የሚወስኑት አያንቶዎች የት አሉ? ቤት ውስጥ የሚቀርበው ምግብስ? እነሱን ለማንሳት መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ማነጋገር ያስፈልጋል። ያንን እኔ እወስዳለሁ። አታንሱ ያሉትን አናነሳም።

የሠርግ ፎቶ አንሺ፦

መዋጮው እንደ ብድር ከተቆጠረ እኔ ተስማምቻለሁ። መራጭ ቡድኑ ግን የራሱን ፎቶ ራሱ አይምረጥ። ፎቶዎቹ ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ይቅረቡለት። ጋሼም ቡድኑ ውስጥ ይግቡ። ከእሳቸው በላይ ፊት ያየ የለም።

የማህበሩ ጸሐፊ፦

ጥሩ። ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ማህበራችን በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎችን የሚያሳይ ባለ 128 ገጽ መጽሐፍ በ500 ቅጂ ያሳትማል። መጽሐፉ የዛሬ ፎቶዎችን ከከተማዋ የቆዩ የስቱዲዮ ነጋቲቮች ጋር ያቀርባል። ሰዎቹ ፈቅደው በስማቸው ይጠራሉ። መግለጫው በሲዳምኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ይጻፋል፤ እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ይሆናል። ፎቶዎቹን የሚመርጠው ማን እንዳነሳቸው የማያውቅ ቡድን ነው። የፎቶዎቹ ባለቤትነት የፎቶ አንሺዎቹ ሆኖ ይቀጥላል። በመጽሐፉ ውስጥ ማስታወቂያ አይኖርም።»

ከደጋፊ የምንጠይቀው መጀመሪያ ለስካንና ለወረቀት ፖስታ የሚሆነውን ነው። የህትመቱን ገንዘብ በቅድመ ሽያጩ ልክ እናያለን። ዲዛይነራችን ከሦስት ማተሚያ ቤቶች በክር ስፌት፣ በ150 ግራም ማት ወረቀትና በሙከራ ህትመት ዋጋ ያምጣልን። የፈቃድ ቅጹን ሕግ ያጠናው አባላችን በሁለቱም ቋንቋ ያዘጋጅ፤ ለማያነብ ሰው ጮክ ብሎ የሚነበብ አጭር ይሁን። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (አይኤስቢኤን) ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የማውጣቱን ጉዳይ እኔ እከታተላለሁ።

ርዕሱ ገና አልተወሰነም። ሐሳብ ያለው ይጻፍ።

የድሮ ስቱዲዮ ባለቤት፦

የሚሸቱትን ሣጥኖች ዛሬ ለይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስቱዲዮው ክፍት ነው። ፖስታና ነጭ ጓንት ይዛችሁ ኑ፤ ጠረጴዛ አለኝ።