እንግሊዝኛዬ ትክክል ሆኖ ለምን የተቆጣሁ ይመስላቸዋል?

የማታ ሺፍት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ሰዋስው አያስቸግረኝም፣ ቃላቱንም አውቃለሁ። በቀደም ግን አለቃዬ ጠርታኝ «ቤተሰቦች ትቆጣለች እያሉ ነው» አለችኝ። ምን እንዳልኩ ስጠይቃት አንዲት ቃል ናት። ብርድ ልብስ ይዤ ገብቼ አንዷን እናት «ብላንኬት» ብያቸዋለሁ። እኚህን ሴትዮ እንደ እናቴ ነው የማያቸው፤ በጣም አዘንኩ። ቃሉ ምን ቁጣ አለው? የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

መምህሩ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ አይዞሽ። ይሄ በደንብ የተጠና ነገር ነው። ጆን ጋምፐርዝ የሚባል የቋንቋ ምሁር በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ አየር ማረፊያ ጽፏል። በሠራተኞች ካፌ ውስጥ ከህንድና ከፓኪስታን የመጡ ሴቶች ምግብ ያድላሉ። ሥጋ ላነሳ ሰው መረቅ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቃሉ። እንግሊዛዊት ብትሆን «ግሬቪ» ስትል መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከፍ ይላል። የእነሱ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ከፍ ሲል «ላድርግልህ?» ነው። ሲወርድ «መረቅ ነው፣ ከፈለግክ ውሰድ» ይመስላል። ተመጋቢው ባለጌዎች ናቸው አለ፤ ሴቶቹም ይንቁናል አሉ። ነገሩ የተገለጠው ድምፁ ተቀድቶ አብረው ሲሰሙት ነው።

ያንቺም «ብላንኬት» ወርዶ ይሆናል። በተለይ አንድ ቃል ብቻ ስትናገሪ ጥያቄ መሆኑን የሚናገርልሽ ዜማው ብቻ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ሰዋስው ስናስደግም እንውላለን፤ ይሄን ግን ማንም አያነሳው። ያንገበግበኛል።

ነርሷ (ዳላስ)

መምህር ያሉት እውነት ነው። ለእኛ ሥራ ግን የበለጠ የሚያስፈራኝ የድምፅ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ማለትም የትኛው ቃል ወይም የቃል ክፍል ጎልቶ እንደሚነገር።

አሜሪካኖች «እችላለሁ» ሲሉ «አይ ከን ሊፍት ኸር» (ላነሳት እችላለሁ) ብለው «ከን»ን አሳጥረው ያልፏታል፤ ጉልበቱ «ሊፍት» ላይ ነው። «አልችልም» ሲሉ «ካንት» ትጎላለች፣ «ት»ዋ ግን ብዙ ጊዜ ትዋጣለች። እኛ ደግሞ በጥንቃቄ፣ ጎላ አድርገን «አይ ካን» እንላለን። እነሱ «አልችልም» ብለው ይሰሙናል። በሽተኛ በሚነሳበት ክፍል ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

15 እና 50ም እንደዚያው ናቸው። «ፊፍቲን» መጨረሻዋ ረዘም ብላ ትጎላለች፤ «ፊፍቲ» መጀመሪያዋ ላይ ታርፋለች። «ፊፍቲን ሚሊግራም» ሲባል ደግሞ ጉልበቱ ወደ መጀመሪያው ይሸሻል፣ ያኔ ይብሳል። መድኃኒት በስልክ ስንቀበል «ፊፍቲን፣ ዋን ፋይቭ» ብለን ቁጥሩን ነጥለን የምንደግመው ለዚህ ነው። አንቺም ልመጂው፣ ማንም አይታዘብሽም።

የማታ ሺፍት (ሜሪላንድ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ«ካን» ነገር አስደነገጠኝ፤ ስንት ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ለካ ለዚህ ነው። አሁን ታዲያ ሁሉንም ጥያቄ ከፍ አድርጌ ልጨርስ?

መምህሩ (አዲስ አበባ)

ሁሉንም አይደለም! አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚመለሰውን፣ እንዲሁም ስታቀርቢላቸው የምትጠሪያትን አንዲት ቃል ከፍ አድርጊ። «ብላንኬት?» «ዋተር?» «ሶሪ»ም ከፍ ካለች «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» ናት፤ ከወረደች ይቅርታ መጠየቅ ነው። ስልክሽ ላይ ቅጂና አዳምጪው፤ ጆሮ ቶሎ ይለምዳል። በ«ዌር» እና በ«ዋት» የሚጀምሩት ጥያቄዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻቸው ይወርዳል። «ዌር ዳዝ ኢት ኸርት» (የት ነው የሚያምዎት) ብለሽ ወደ ታች ብትጨርሺ ልክ ነሽ፤ እሱን አትንኪው።