ራመን ቤት፦ አሳማ ለማይበላና ማሽኑን ለማያውቅ

መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ቶኪዮ ልሄድ ነው። ራመን (የጃፓን የኑድል ሾርባ) መብላት እፈልጋለሁ፤ አሳማ ግን አልበላም። ከላይ የሚደረገውን ሥጋ "ተዉልኝ" ብል ይበቃል? ደግሞ በማሽን ነው የሚታዘዘው ይባላል፤ አሠራሩ እንዴት ነው?

ሶስና፦
አይበቃም፤ ዋናው አሳማ ያለው መረቁ ውስጥ ነው። ቶንኮትሱ ማለት የአሳማ አጥንት ለሰዓታት ተንተክትኮ ነጣ እስኪል የሚወጣ መረቅ ነው። ሾዩ (የአኩሪ አተር ሶስ) ወይም ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ድልህ) የሚለው ስም ደግሞ ማጣፈጫውን እንጂ አጥንቱን አይነግርህም፤ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የአሳማ አጥንት ወይም ስብ አለበት። "ቡታኒኩ ናሺ" (ያለ አሳማ ሥጋ) ካልክ ሥጋውን ብቻ አንስተው ያመጡልሃል፤ የጠየቅከው እሱን ነዋ! ስለ መረቁ ለይተህ "ሱፑ ኒ ቡታ ዋ ሃይቴ ኢማስ ካ?" (መረቁ ውስጥ አሳማ አለ?) በል። መረቁ የዶሮ በሆነበት ቤት እንኳ ከላይ የሚጣለው ቻሹ (የሥጋው ቁራጭ) አሳማ ሊሆን ይችላል።

ጣጣ ካልፈለግህ አሳኩሳ ናሪታያ የሚባል ሐላል ራመን ቤት አለ።

የጣቢያው ሰው፦
ማሽኑ በር አካባቢ ነው የሚቆመው። ባለ ቁልፍ ከሆነ መጀመሪያ የኑን አስገባ፤ ገንዘብ ካልገባ ቁልፎቹ አይሠሩም። የሚበዛው ቤት ዋና ምግቡን የሚያደርገው ከላይ በስተግራ ጥግ ነው። ትኬቱ ሲወጣ መልሱ ካልተከተለ የመልስ ማንሻውን ተጫን፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ትኬቱን ለሠራተኛው ስጥና ተቀመጥ።

ባለ 1,000 የን ኖት ያዝ። ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች 5,000 እና 10,000 አይቀበሉም፤ በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) የወጡትን አዲሶቹን ኖቶች የማያነብም አለ። ለሠራተኛው ጉርሻ መስጠት የሚባል ነገር የለም።

መንገደኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጾም ላይ ብሆንስ? ኡዶን (ወፍራሙ የስንዴ ኑድል) ይሻላል?

ሶስና፦
ለአሳማው ይሻላል፤ ተራው ካኬ ኡዶን ብዙውን ጊዜ መረቁ ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም ነው። ለጾም ግን ዓሣው አለብህ፤ ቴምፑራው (በሊጥ ተነክሮ የሚጠበሰው) ደግሞ ሊጡ ውስጥ እንቁላል ይገባል። ካሪ ኡዶን ላይ አሳማ ሊኖር ስለሚችል ጠይቅ። ዓሣም እንቁላልም ወተትም የሌለበት ራመን ከፈለግህ ቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቲስ ታንታን የሚባል ቤት አለልህ፤ መረቁ ሰሊጥ የበዛበት ነው። ከትኬት መፈተሻው በር ወዲያ ስለሆነ ባቡር በምትይዝበት ቀን አድርገው።