ከውጭ ተመልሰው ጎጃም ለሚኖሩ፦ የግቢ ቲማቲምና ለክረምት የሚቀመጥ ስልስ

እኅታችን ባሕር ዳር ገብተው ኑሮ ሲጀምሩ የቀለብ ወጪያቸውን በቲማቲም መቀነስ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይችላሉ፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ወቅቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

አውሮፓና አሜሪካ የኖርን ሰዎች ቲማቲም በግንቦት መትከል ለምደናል። በጎጃም ግን ግንቦት የክረምቱ ዋዜማ ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ የሚወርደው ዝናብ ቅጠሉ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ የሻጋታ በሽታ ተክሉን በአጭር ጊዜ አጥቁሮ ይጥለዋል። ዘሩ በመስከረም መጨረሻ መደብ ላይ ፈስሶ፣ ችግኙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ቢዛወር፣ ፍሬው በጥር መጨረሻ ግድም መቅላት ይጀምራል፤ ለዐቢይ ጾምም ይደርሳል። ደብረ ማርቆስ ደጋ ስለሆነች ተክሉን የሌሊት ብርድ በማያገኘው ግድግዳ ሥር ማድረግ ይበጃል፤ ብርድ የመታው አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋልና።

መሬት የሌለው ሰው ከሥሩ የተበሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃዋል። ችግኙን ስታዛውሩ ግንዱን እስከ ቅጠሎቹ ድረስ ቅበሩት፤ የተቀበረው ክፍል ሥር ያወጣል። ውኃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ፣ ሳታቋርጡ በመጠኑ አጠጡ፤ አንድ ቀን አጥግቦ ቀናት ማስጠማት ካልሲየም ወደ ፍሬው እንዳይደርስ ስለሚያደርግ የፍሬው ታች ይጠቁራል። ለስልስ ሥጋው ወፍራም፣ ውኃው ጥቂት የሆነውን ሮማ ወይም መልካ ሾላ የተባለውን ዝርያ እመርጣለሁ።

በእኔ ግምት የግቢው ተክል የዕለቱን ወጥ እንጂ የክረምቱን ስልስ አይሸፍንም። ለክረምቱ፣ የቆጋና የሌሎች መስኖዎች ምርት ገበያ ገብቶ ዋጋው ሲወርድ በሣጥን መግዛት ያዋጣል። ከሰል እንዳይፈጅባችሁ የተፈጨውን ቲማቲም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ ጣዱት፤ ማንኪያ በድስቱ ወለል ላይ ሲሳብ የሚተወው መስመር ቶሎ ካልተከደነ ደርሷል።

ለሚቀመጠው ስልስ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት አትጨምሩ፤ እነዚህ በሚበላበት ቀን ይቁላሉ። በ1 ሊትር ብርጭቆ ማሰሮ 2 የሾርባ ማንኪያ በፋብሪካ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ መጨመር ግን ግዴታ ነው፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት ብቻውን ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለመከላከል አስተማማኝ አይደለም። ውጭ አገር የተማራችሁት የመቀቀያ ደቂቃም እዚህ አይሠራም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ አዲስ ክዳን የተገጠመለትን ማሰሮ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቃችሁ፣ ከፈላበት ጊዜ ጀምሮ 1 ሰዓት ሙሉ ቀቅሉት። ሲቀዘቅዝ የክዳኑን መሐል በጣት ጫኑት፤ የሚነጥር ከሆነ አልታሸገምና ፍሪጅ አስገብታችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጠቀሙበት።